ምስጥ ያልነካው አልጋ

ይህን ጥፋት ያጠፋው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት አጣፍጬ በጻፍኩት! አጥፊው እኔ መሆኔ ነው ያስቸገረኝ። ነቀምቴ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ የእንጨት ሥራ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ኡኬ መንገድ ዳር ትንሽ ቦታና ጥቂት የቡና እግር ይዤ ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ሰው «ባርሲሳ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ከተለያየሁ ቆይቻለሁ፣ ማስተማሩን ግን አልተውኩትም። የጠፋው ተማሪው ነው።

በወለጋ ምድር ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያማርረው አንድ ፍጥረት አለ፦ ምስጥ። ምሰሶ ትተክላለህ፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ከውጭ ምሰሶ፣ ከውስጥ አፈር ይሆናል። በር ስትገፋ በሩ ከነመቃኑ አብሮህ ይገባል። እኔ ራሴ «ይህ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብዬ የሠራሁት አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የተከበረ እንግዳ ባስቀምጥ፣ ሰውዬው ከነካፖርቱ መሬት ላይ ተገኝቷል። እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም። ስለዚህ እዚህ አገር እንጨት የሚፈተነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ሪርማ ይበላዋል?» ምስጥ የማይበላው ከሆነ ጥሩ እንጨት ነው፣ አለቀ። ለምን እንደማይበላው የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ጥያቄ መጠየቅ የተማሪ ሥራ ነው፣ እኔ መምህር ነኝ።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ የተዘጋ የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዘኑን ሲያጸዳ፣ ከሚጣለው ኮተት መሐል ግማሽ ድረስ የሞላ ቆርቆሮ አገኘሁ። የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ የራስ ቅሉ ስዕል ግማሹ ብቻ ቀርቷል፤ አንድ ዓይንና ጥቂት ጥርስ። ግማሽ የራስ ቅል ደግሞ የሚስቅ ነው የሚመስለው። ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አወቅኩት። ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ስም ነው፦ ፔንታክሎሮፌኖል። «የእንጨት ማቆያ፤ ከምስጥ፣ ከነቀዝና ከሻጋታ ይከላከላል፤ ለስልክና ለመብራት ምሰሶ፣ ለድልድይ ጣውላ ያገለግላል» እያልኩ አስገለብጥ ነበር። አንድ ፊደል የገደፈ ተማሪ አሥር ጊዜ ይጽፋታል። ስሟን እንዲህ አጥርቼ የማውቃት ይህች ነገር ጠባይዋ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እኔም አላውቅማ! መጽሐፉ ላይ ያለው እስከዚያ ድረስ ነበር፤ ቀጣዩ ገጽ ተቀዷል።

ቆርቆሮውን እንደ ሙሽራ አቅፌ ቤቴ አስገባሁት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ክረምት መግቢያ ላይ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሠራሁ። ቡና መሬት ላይ ከተሰጣ አፈር አፈር ይላል፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ ሽቦ ወንፊት ተወጥሮ፣ ነፋስ ከታች ከላይ እየገባው ነው መድረቅ ያለበት። የኡኬ ሰው አልጋ በየዓመቱ እግሩን ምስጥ እየበላው ይወድቃል። የኔ ግን አይወድቅም! ያንን ፈሳሽ በናፍጣ በጥብጬ፣ እግሩን፣ ማገሩን፣ ወንፊቱ የሚያርፍበትን ርብራብ ሳይቀር፣ ሳልሰስት ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በባዶ እጄ። ጓንት ማድረግ ለእኔ የነርስ ሥራ ነበር። በማግስቱ ልብሴን የሚያስጨምቅ ላብ አጠበኝ፣ አተኮሰኝ፣ ጣቶቼ ተላጡ። ክሊኒክ ሄጄ ብመረመር ወባ የለም አሉኝ። «ማሽናችሁ ነው የታመመው» ብያቸው ወጣሁ።

ክረምቱን ሙሉ ናፍጣው ሲተን ከርሞ፣ መስከረም ላይ አልጋውን ባሸተው ምንም አይልም። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ አፍንጫዬ ከጉርምስናዬ ጀምሮ ሱረት የተሳበበት ነው። አሁን የሚያገለግለኝ መነጽር ለመያዝ ብቻ ነው።

በእኛ ሰፈር ደንብ፣ አልጋ ያለው ሰው ቡናው ቀድሞ ለቀላው ጎረቤት ያስቀድማል። በዚያ ዓመት ቀድሞ የቀላው የጎረቤቴ ነበር። ይህች ሴት በድርቁ ዘመን ከወሎ ቤተሰቧን ተከትላ የመጣች ናት፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ኦሮምኛዋ ከኔ ይሻላል፣ አማርኛዋ ግን እስከ ዛሬ የወሎ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቡናዋን ብቻዋን ታለማለች። አንድ አንድ ፍሬ፣ የቀላውን ብቻ እየመረጠች ነው የምትለቅመው። የገበሬዎቹ ማኅበር ምርጥ ቡና የሚያቀርቡትን ለይቶ ሲመዘግብ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ከዚያ መዝገብ ውስጥ ብቸኛዋ መበለት።

እሸት ቡናዋን አምጥታ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«አያ መምህር፣ እንዲያው እውነት ምስጥ አይነካውም?»

«ምስጥ? ሞት ራሱ ፈቃድ ሳይጠይቀኝ አይጠጋውም።»

«ምን ቢያደርጉት ነው?»

«ሳይንስ ነው፤ ብነግርሽ አይገባሽም።»

«ወላሂ፣ ለአንቱም የገባዎ አይመስለኝም» ብላ እየሳቀች ዘረገፈችው። ያን ቀን የሰማሁት ትልቁ እውነት እሱ ነበር፣ እኔ ግን በቀልድ አሳለፍኩት።

ቡናው ሲደርቅ ማኅበሩ ከየሰዉ ናሙና ወስዶ ነቀምቴ ለቅምሻ ላከ። የእሷ ጆንያ ተመለሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በሰው ፊት ነው የነገራት፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቀስ ብሎ መናገር ስለማይችል ነው።

«መድኃኒት መድኃኒት ይላል ተብሏል። የሟቹ የአረም መርጫ አሁንም ጓዳሽ ተሰቅሎ የለም እንዴ?»

«እሱ ከሞተ ወዲህ ያ መርጫ ውሃ እንኳ ገብቶበት አያውቅ!»

«እንግዲህ ቡናው መርዝ ሸቷል። ሁለተኛው ለቀማሽም እንዲህ ከሆነ ከምርጦቹ መዝገብ ትወጫለሽ።»

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ቡናዋን ከመርዝ ጋር የምታስቀምጥ ሴት ተባለች። ቅዳሜ ገበያ በርበሬዋን እንኳ እያሸተቱ ያልፉት ጀመር። የሰው አገር ላይ ገብቶ መልካም ስም ማትረፍ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቃል። እሷም ስታወራ ዓይኗን መሬት ላይ መትከል ጀመረች።

እኔ ታዲያ ደሜ ፈላ! ጡረተኛ ሲናደድ የሚያደርገው ነገር ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ጻፍኩ። በሦስት ገጽ። ቀማሾቹ ምላሳቸውን እንዲመረመሩ የሚጠይቅ፣ የሴትዮዋ ቡና «በዚህ ወረዳ አቻ በሌለው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በገዛ እጁ በሠራው ንጹሕ አልጋ ላይ» እንደደረቀ የሚገልጽ። «በገዛ እጁ» በሚለው ሥር አስምሬበታለሁ። ኮቴን ለብሼ፣ ደብዳቤውን በኪሴ አጥፌ፣ በሚኒባስ ነቀምቴ ገባሁ።

የቅምሻው ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሲኒ በሲኒ ተደርድሯል። ቀማሿ ወጣት ሴት ናት። በማንኪያ ጨለፍ ታደርግና ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ «ስርርፕ» አድርጋ ስባ፣ መትፊያው ላይ ትተፋዋለች። እናቴ ብታያት ኖሮ ሳታሳድጋትም ትገርፋት ነበር። ደብዳቤዬን ተቀብላ ቆማ አነበበች፣ ሦስቱንም ገጽ። ሰው ሙሉውን ያነበበልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ ደስ አለኝ።

«አልጋውን እርስዎ ነዎት የሠሩት፣ አካኮ?» አለች። አያቴ ማለቷ ነው።

«አዎ!»

«ከምን እንጨት?»

«ከባሕር ዛፍ። ግን ተራ ባሕር ዛፍ እንዳይመስልሽ። ንቅንቅ የማይል ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ቆሞ አንድ ምስጥ ዝር አላለበትም።»

«በምን ቀብተውት ነው?»

ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ መጣ። ደረቴን ነፋሁ። «በፔንታክሎሮፌኖል» አልኩ፣ አንድም ፊደል ሳልውጥ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና እኔ ለልጆች በማስረዳበት ድምፅ አስረዳችኝ። ፌኖል ላይ ክሎሪን እየጨመሩ የሚሠሯቸው ነገሮች አንድ ቤተሰብ ናቸው አለች፤ አንዳንዱ እንጨት ያቆያል፣ አንዳንዱ ቆዳና ወረቀት እንዳይሻግት ይረዳል፣ ከአንዳንዱ የአረም ማጥፊያ ይሠራል። ምስጥ የሚገድለው ነገር ለምስጥ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፣ ያገኘውን ነው የሚገድለው። በቆዳ ይገባል፣ ጉበት ይጎዳል። ብዙ አገር ትቶታል። እንጨቱ ላይ የቀረው ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ለዓይን የማይታይ ሻጋታ ሲያገኘው ጭራሽ ወደሌላ ሽታ ይለውጠዋል፤ የታፈነ ጓዳ፣ አሮጌ መድኃኒት ቤት። «ትንሽ ትበቃዋለች፣ አካኮ። ሲኒው ውስጥ ከገባ በኋላ ማጠቢያ የለውም።»

«እንጨቱ ላይስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?»

«የተሠራው እንዲቆይ አይደል?»

ቀጠለችና፣ «ሲቀቡ ጓንት ነበረዎት?» አለች። እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

«አላበዎት?»

«ወባ ነው።»

«ምርመራው ወባ አለ?»

ሱረቴን ፈለግኩ። ቤት ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ቡና ማንም እንዳይጠጣ፣ እንጨቱም እንዳይቃጠል ነገረችኝ፤ ጭሱ ከፈሳሹ ይብሳል። ውሃ ዳርም አይጣልም፣ ዓሣ ይፈጃል። «ታዲያ የት ላድርገው?» ብላት፣ «እሱን እኔም አላውቅም፤ እኔ ቡና ነው የምቀምሰው» አለች። ሴትዮዋ ጥፋተኛ እንዳልሆነች በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። «የምጽፈው የቡናውን ጠባይ እንጂ የማን ጥፋት እንደሆነ አይደለም፣ ያላየሁትን አልፈርምም» አለች። ደብዳቤዬን አጥፋ መለሰችልኝ። በሦስት ገጽ፣ አስምሬበት፣ የገዛ ክሴን በገዛ እጄ አርቅቄ ነበር የመጣሁት።

ኡኬ እንደወረድኩ ቤቴ አልገባሁም፣ ቀጥታ ወደ ጎረቤቴ። ነገርኳት።

«አያ መምህር፣ ቀልድ እንኳ ጊዜ አለው» አለች።

«አልቀለድኩም። አልጋው ነው። እኔ ነኝ።»

ፊቴን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። «የጠጣነውስ?» አለች።

ቀማሿ ያለችውን ነገርኳት፤ የጠጡት ትንሽ ነው፣ ከእንግዲህ ግን አንድ ሲኒ እንዳይደገም። ቆልታ ያስቀመጠችውን አውጥታ እግሬ ሥር አኖረችው። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም።

«እኔን ማሳመንዎ ምን ያደርግልኛል? ለእነሱ ይንገሩልኝ።»

እሑድ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ተነሣሁ። ቡናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የቀባሁት መርዝ ነው፣ ሴትዮዋ ንጹሕ ናት አልኩ። ስሙንም ነገርኳቸው። አንዱ ከኋላ፣ «ዋቃዮ! ባርሲሳ ዛሬ ደግሞ መርዝ ሆኑ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እውነቴን ነው!» ብል ጭራሽ ባሰባቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ዓመት በዚያው አዳራሽ ተነሥቼ የጠፋውን የሊቀመንበሩን በሬ ጠብሼ በልቼዋለሁ ብዬ አምኛለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዝናቡን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። ራሴን ስከስ የኖርኩ ሰው እውነተኛውን ክስ ሳቀርብ ማን ይመን?

«ምስጥ እንኳ የማይነካው እንጨት እንዴት ቡና ያበላሻል?» አለ ሊቀመንበሩ ሳቁን እየጠረገ። ከዚያ ደግሞ ከሳቁ የባሰውን አመጣ፦ «ለጎረቤት ብሎ ጥፋት መሸከም እንዲህ ነው! እናጨብጭብላቸው።»

አጨበጨቡልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጭብጨባ ስመኝ ኖሬ፣ ሲመጣ ጆሮዬን መድፈን አማረኝ። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ መሬት መሬት ታያለች። አሁን ደግሞ ሽማግሌ አስዋሽታ ነጻ ለመውጣት የሞከረች ሴት ሆናለች።

ለሳምንት ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም፤ ከራሴም ጋር ተኳርፌ ነበር። ከዚያ ሁለተኛው ለቀማ ደረሰ። ሊቀመንበሩን ከደጁ ይዤ አመጣሁትና ከእሷ ዛፍ ላይ እሸቱን ራሱ እንዲለቅም አደረግኩ። አንድ ቅርጫት ለሁለት ከፈለ። ግማሹን ያ የኔ ጉድ አልጋ ላይ፣ ግማሹን እኔ በጥድፊያ በሠራሁት፣ ምንም ባልተቀባ የቀርከሃ አልጋ ላይ። የቀረውንም እሸቷን ሁሉ እዚያው ቀርከሃው ላይ አሰጣን። በየማታው የሚሸፍነው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው፤ እኔን እንዳያስጠጋኝ አስጠንቅቄዋለሁ። ለራሴ ያለኝን ግምት ከዚህ ይወቁት።

«ለማሳቅ ብለው ቢሆን ይህን ያህል አይደከምም ነበር» ይለኛል እያጉረመረመ።

«ዝም ብለህ አገላብጥ!»

እሷ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከሩቅ ቆማ ታያለች። ሁለቱም መጥፎ ከተባሉ ከመዝገቡ ወጣች ማለት ነው፤ መልሳም አትገባም። አንድ ቀን፣ «ከአንቱ አልጋ የነፈሰ ነፋስ ያኛውንስ ቢነካብኝ?» አለችኝ። ሌሊት ሳይቀር ቀርከሃውን ይበልጥ ባራቅኩት ኖሮ እያልኩ እገላበጥ ነበር። የሠራሁት ዕቃ ጉድ እንዲሆን ስጸልይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በፊት ሳልጸልይም ይሆን ነበር።

ቡናው ሲደርቅ ሊቀመንበሩ ሁለቱን ናሙና አሰረ፤ አንዱን በክብ፣ አንዱን በመስቀል ምልክት አደረገበት። ነቀምቴ አብረን ሄድን። ቀማሿ የትኛው የት እንደደረቀ አልተነገራትም። ተቆላ፣ ተፈጨ፣ የፈላ ውሃ ተደረገበት። ክቡን ሳበች፣ ተፋች፣ ደግማ ሳበች፣ አንድ ነገር ጻፈች። መስቀሉን ስትስብ ግን ገና ማንኪያው ከአፏ ሳይወጣ ፊቷ ተጨማደደ፤ ተፋችውና በውሃ ተጉመጠመጠች።

«ይኸኛው ያ ነው» አለች። «ክቡ ጥሩ ቡና ነው፤ በጣም ጥሩ።»

ሊቀመንበሩ የያዘውን ወረቀት ዘረጋ። መስቀሉ የኔ አልጋ ነው። ወረቀቱን አየ፣ ሲኒውን አየ፣ እኔን አየ። አፉን ከፈተ።

«ባርሲሳ» አለኝ በቅሬታ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩንም?»

ያን ቀን እሱን ያላነቅኩት ቀማሿ ስለነበረች ብቻ ነው።

በሰው ፊት የወቀሳትን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ ይህን ላድንቅለት። መዝገቡ ውስጥ ቀረች፣ የሁለተኛው ለቀማ ቡናዋም ከምርጦቹ ጋር ተጫነ። የመጀመሪያውን ግን ማንም አልመለሰላትም። የኔን እሸት በሙሉ ሰጠኋት፤ በራሷ እጅ ደግማ እየመረጠች፣ ያልበሰለውን እየወረወረችልኝ ወሰደችው።

እንጨቱስ? እንጨቱ አሁንም አለ። ነቅዬ፣ በዚህ ጊዜ ጓንት አድርጌ፣ ከውሃ አርቄ ቆርቆሮ ሥር ከምሬዋለሁ፤ የተረፈውም ፈሳሽ እዚያው ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራኛል፣ ሌላው ደብዳቤ አምጣ ይለኛል፤ ደብዳቤ ደግሞ እንደምታውቁት አይቸግረኝም። የሚወስደው ግን አልተገኘም። የሚለምነኝማ ሞልቷል! ባለሱቁ ለእህል መደርደሪያ፣ አንዷ ለዶሮ ቤት። ሊቀመንበሩ ራሱ፣ በገዛ ዓይኑ ያየው ሰው፣ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ «ሁለት እግር ብቻ፣ ለአጥር። አጥር አይጠጣም» አለኝ። ክምሩ ላይ ሙሉ የራስ ቅል ሥዬበታለሁ። ሰው ሁሉ እኔን ይመስላል ይላል።

የጎረቤቴን የቀርከሃ አልጋ በየዓመቱ የምጠግነው እኔ ነኝ። እግሩን ምስጥ ይበላዋል፣ እለውጣለሁ፣ ይበላዋል። ዘንድሮ ለቀማው ሊጀመር ሲል አንዱን እግር በአዲስ ተክቼ ጠራኋት። እሸቷን ከማፍሰሷ በፊት ቁጢጥ ብላ እግር በእግር መረመረች። የምስጡን ጭቃ ባየችበት ሁሉ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ይዞታል» እያለች አለፈች። አዲሱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይህችን ምስጥ አልያዛትም።»

«ትናንት ነዋ የተከልኳት!»

«ምን ቀብተዋት ነው?»

«ምንም!»

«አያ መምህር።»

ማልኩ፣ ለመንኩ፣ ቀማሿን ምስክር ጠራሁ። አልሰማችኝም። ቅርጫቷን ታቅፋ ቆማ ጠበቀችኝ። አዲሷን እግር ነቀልኩና፣ አጥር ሥር የጣልኩትን፣ ግማሽ ድረስ የተበላውን አሮጌ እግር አንሥቼ መልሼ ተከልኩት። ነቅነቅ አድርጋ አየችው። ከላዩ አፈር ረገፈ።

«እንዲህ ነው» አለችና ቡናዋን አፈሰሰች።